የኋላ ስፌት

አክስቴ እናቴን እየበላቻት እንደሆነ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ማንም አልነገረኝም። በየቀኑ ማዕድ ላይ ከሁለቱ መሃል ተቀምጬ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነገር ነው። እናቴ ሳህኗን ወደፊት ትገፋለች፤ አክስቴ ሳህኑን ወደ ራሷ ትስባለች። እናቴ ትከሳለች፤ አክስቴ ትወፍራለች። የሰፊ ልጅ ስለነበርኩ ሒሳቡ አልከበደኝም። በኛ ቤት ጨርቅ ከሰማይ አይወርድም፤ አንዱ ቀሚስ ላይ የተጨመረ ቁራጭ ካለ ከሌላ ቀሚስ የተቆረጠ ነው። ከእናቴ ላይ የጎደለውን ሥጋ አክስቴ ላይ ተሰፍቶ አየሁት፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

አክስቴ ታላቅ፣ እናቴ ታናሽ ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት ዩኒፎርም በሚሰፋበት አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ የተማሪ፣ የነርስ፣ የጥበቃ፣ የጽዳት ሠራተኛ ልብስ ሁሉ ከዚያ ይወጣል። የምንኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከጨርቅ መጋዘኑ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ የስፌት መኪኖቹን የሚጠግነው እሱ ስለነበር የተሰጡት ክፍሎች ናቸው። እሱ ሲሞት ሁለቱ ሴቶች ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ እንድንኖርበት ተፈቀደልን። ከሥራው የወጣ ከቤቱም ይወጣል ማለት ነው። ይህ ለኔ ያኔ ምንም ማለት አልነበረም፤ ለነሱ ግን በየማታው አብሯቸው የሚተኛ ሐሳብ ነበር።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የምቀመጠው አዳራሹ ውስጥ፣ ከአክስቴ የመተኮሻ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ በተሞላ ጆንያ ላይ ነው። መኪኖቹ ሁሉ ሲነሡ ወለሉ በመቀመጫዬ በኩል ይንቀጠቀጣል። የመኪና ዘይት፣ የረጠበ ጨርቅና የጋለ ካውያ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ እስከ ትምህርት ቤት ይከተለኛል። ከዚያ ሆኜ የማየው እግር ብቻ ነው። የእናቴን እግር ከመቶ እግር መሃል ለይቼ አውቀው ነበር፤ በየጊዜው እየቀጠነ ስለሚሄድ ጫማዋ ውስጥ ጨርቅ መጎሰር ጀምራለች።

አለቃቸውን ሴቶቹ ከጀርባው “ባለ ሜትሩ” ነበር የሚሉት። ቢጫ የጨርቅ ሜትር ከአንገቱ ወርዶ አያውቅም። የሚያየው ሰው የመቀስ ጌታ ነው ሊል ይችላል፤ እሱ ግን መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ የታየበት ቀን የለም። የድርጅቱ ባለቤት የሩቅ ዘመድ ስለሆነ መጥቶ የተቀመጠ ሰው ነው። ሜትሩ የሹመቱ ምልክት ነበር። ሌላው ምልክቱ ሙሉ ልብሱ ነው፤ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ቡናማ፣ ሁሉም በልኩ የተሰፉ፣ ሁሉም በየሳምንቱ የሚጸዱና የሚተኮሱ። ያንን የምትሠራው ደግሞ አክስቴ ናት፤ ጥገናና ማስተካከያ የሷ ድርሻ ነበርና። አንቱ ልለው ይገባ ይሆናል፤ በዕድሜ አባቴ ነው። አልለውም።

አባቴ ከሞተ ከዓመት በኋላ እናቴን ላግባሽ ብሏት እምቢ እንዳለችው የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት መኪናዋ ከመስኮቱ አጠገብ ተነሥቶ ከሱ የመስታወት ክፍል ፊት ለፊት መቀመጡን ብቻ ነበር። እኔም የክብር ቦታ መሰለኝና ለጓደኞቼ አወራሁ። በቀን ውስጥ ደጋግሞ ይወጣል፤ የሰፋችውን ኮሌታ አንሥቶ ያገላብጣል፤ ምላጭ ያወጣና ስፌቱን ጠርር አድርጎ ፈትቶ ጭኗ ላይ ይጥልላታል። እናቴ እንደገና ትሰፋዋለች። ያንኑ ስፌት፣ በዚያው ክር፣ በዚያው መስመር። ሁለተኛውን ያሳልፈዋል። እናቴ ገና ተማሪ ናት፣ እሱም እያስተማራት ነው ብዬ አምን ነበር።

ቅዳሜ ከሥራ መውጫ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነበረው። መኪኖቹ ሲቆሙ ከመስታወት ክፍሉ ብቅ ይልና፣

“ነይ እስቲ፣ የኛ ሸንበቆ” ይላታል።

እናቴ ትሄዳለች። ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በወገቧ ዙሪያ ይጠመጥመዋል፤ ቁጥሩን ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ ይጠራል። ከባለፈው ሳምንት የቀነሰውንም ይጨምርበታል። ከዚያ “እምቢታ እንዲህ ያከሳል፣ ሴቶች” ይላል። የሚስቁ ይስቃሉ፤ የቀሩት መኪናቸው ላይ አቀርቅረው ክር የሚለቅሙ ይመስላሉ። እናቴ እጆቿን ወደ ጎን ከፍ አድርጋ ትቆማለች፤ እንዲለካት ይመቸው ዘንድ። ትምህርት ቤት ነርሷ ቁመታችንን ስትለካ እኛም እንደዚያ ነበር የምንቆመው። ስለዚህ ባለ ሜትሩ ለእናቴ ጤና የሚጨነቅ ብቸኛ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ። አክስቴን ለምን አይለካትም ብዬም አስቤያለሁ፤ ሜትሩ ስለማይበቃት ነው አልኩ።

የቅዳሜ እራት ከሁሉም የባሰ ነበር። ሾርባ፣ ዳቦ፣ አንዳንዴ የተቀቀለ እንቁላል። እናቴ ማንኪያውን ታነሣለች፤ አፏ ጋ ሲደርስ ጉሮሮዋ ይዘጋል። ሲዘጋ አየዋለሁ፤ አንገቷ ላይ ያሉት ጅማቶች ይወጠራሉ። “አልወርድልኝ አለ እትዬ” ትላለች ማንኪያውን መልሳ። አክስቴ ትለምናታለች። ለልጅሽ ስትዪ ትላታለች፣ አንዲት ብቻ ትላታለች፣ ትቆጣታለች። መጨረሻ ላይ ሳህኑን ስባ ትበላዋለች። ስትበላ ቀና አትልም። የራሷን፣ የእናቴን፣ ድስቱ ላይ የቀረውን፤ ዳቦውን ድስቱ ዙሪያ እያዞረች ትጠርጋለች። እኔ እንጨት እንደዋጠ ሰው ተገትሬ አያታለሁ።

እሁድ ሁለቱም አልጋ ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ልብሳቸውን ያስተካክሉ ነበር። እናቴ የቀሚሷን ጎን ታጠባለች፤ አክስቴ የቀሚሷን ጎን ትፈታለች። ከአንድ ቆርቆሮ መርፌ እየተቀባበሉ። የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ ሳሙና ውሃ ውስጥ ስለሚወድቅባት እናቴ ክር ጠምጥማበታለች። ማበጠሪያዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር በየቀኑ ይጨምራል። ይህን ሁሉ እያየሁ አንጀቴ ያር ነበር። ማታ ላይ አክስቴ ሳሚኝ ስትል ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ።

ዛሬ እናቴ ያኔ የነበረችበትን ዕድሜ አልፌዋለሁ። የራሴ ስፌት ቤት አለኝ፤ ደንበኞቼን ከስማቸው ይልቅ በወገባቸው ነው የማስታውሳቸው። ባሏ ጥሏት የሄደች ሴት ቀሚሷን አጥብቢልኝ ብላ ትመጣለች፤ ልጇ የታሰረባት ደግሞ አስፊልኝ ብላ። ጭንቀት የአንዱን አፍ ይዘጋል፣ የሌላውን ይከፍታል፤ ለሁለቱም ግን እህሉ አይጣፍጥም። እናቴና አክስቴ የፈሩት አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ሰው። አንድ ፍርሃት ሁለት እህትማማቾችን ይዞ አንዷን አጥንት ብቻ አደረጋት፣ አንዷን ከበርሜል አስተካከላት። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና የሚታየኝ ሳህን ብቻ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ መኪናዋ ላይ ወደቀች። እግሯ ሲንሸራተትና መኪናው ያለሷ ትንሽ ሲሮጥ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ አየሁ። አክስቴ ብድግ አድርጋ ታቅፋት ወጣች፤ እኔ በጆንያ የተሸከምኳቸው ጨርቆች ይከብዱኝ ነበር፣ እናቴ ግን ለአክስቴ የከበደቻት አትመስልም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ሐኪሙ ዓይኗን ገለጠ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ ደሟን አስመረመረ። ምንም በሽታ እንደሌለባት፣ እህል ካልቀመሰች ግን ብዙ እንደማትቆይ ለአክስቴ በሹክሹክታ ነገራት። ጭንቀቱ ካልወጣላት መድኃኒት አይረዳትም አለ። እኔ ጭንቀት እንደ ቁልፍ ተውጦ ሆድ ውስጥ የሚቀር ነገር መሰለኝ። አክስቴም የዋጠችላት እሱን ሳይሆን ምግቧን ብቻ በመሆኑ ይበልጥ ናቅኋት።

በማግስቱ አክስቴ የባለ ሜትሩን ግራጫ ሱሪ መተኮሻው ላይ ዘርግታ ካውያውን ሳታነሣ ቆማ ቀረች። ከሥሯ ተቀምጬ ድምፅዋን ሰማሁት።

“አንተም ቅመሳት” አለች ለሱሪው።

እራት ልትጋብዘው መሆኑ ነው። ሌላ ምን ይመስለኝ? ከዚያ ቀን ወዲህ ልብሱን ወደ ቤት ይዛ መምጣት ጀመረች። እሁድ እናቴ ስትተኛ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፤ ሱሪውን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች፤ ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጣ በምላጭ ጫፍ ቀስ ብላ ትነካካዋለች፤ በመርፌ ትመለስበታለች፤ በእርጥብ ጨርቅ ደጋግማ ትተኩሰዋለች። ታንጎራጉራለች ደግሞ። አክስቴ ስታንጎራጉር ሰምቼ አላውቅም ነበር። በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፤ ባለ ሜትሩን ልታገባው ነው፤ እናቴን በልታ ስትጨርስ ሁለቱ ሊጋቡ ነው። ሾርባዋ ውስጥ ጨው በእፍኝ ጨመርኩባት። ፊቷን ሳታጨማድድ ጠጣችው።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ አክስቴ ሙያውን ታስተምረኝ ጀመር። መጀመሪያ ያስፈታችኝ የወንድ ሱሪ ነበር። የሱሪ የኋላ ስፌት ውስጥ፣ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ታች፣ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል፤ ሰውየው ሲወፍር እንዲሰፋለት፣ ሲከሳ እንዲጠብለት። ኮትም ጀርባው ላይ እንደዚያው ነው። አክስቴ ጣቷን እዚያ ላይ አሳርፋ “ሰው የሚገደለው እዚህ ጋ ነው” አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። በየሳምንቱ የሚተኮሱትን ልብሶች ሁሉ፣ አንዱንም ሳትዘል፣ በክር ውፍረት በክር ውፍረት ታሰፋቸው ነበር። ልብስ በአንድ ጊዜ ከሰፋ ሰው ልብሱን ይጠረጥራል። ቀስ ብሎ ከሰፋ ግን የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

እንደዚያም ሆነ። ያኔ በልጅነቴ መጀመሪያ ያየሁት ባለ ሜትሩ ሲራመድ ሱሪውን በክርኑ ሽቅብ መሳብ መጀመሩን ነው። ቀጥሎ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ ተበሳ። ከዚያ መስታወት ክፍሉ ውስጥ መብላት ጀመረ፤ እንቁላል፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦ፣ ወተት። ሲበላ አፌ ውሃ ይሞላ ነበር። በእርግጥም ወፈር ብሎ ነበር፤ አክስቴ እንደዚያ ሲሆን ደግሞ ትንሽ ጨመር አድርጋ ታሰፋለች። እየበላ እየከሳ መሆኑን ሲያምን መብላቱን ፈራው። ፊቱ አመድ መሰለ። ሐኪም ቤት ሄደ፤ ምንም የለብህም ተባለ። ምንም የለብህም መባሉ ያልተገኘ በሽታ አለ ማለት ሆኖ ታየው። ሌላ ሐኪም ሄደ። ያኔ ማንኪያው የሱም አፍ ላይ መቆም ጀመረ።

ሞኝ አልነበረም፤ ራሱን በሜትር ለክቷል። አክስቴ ግን ቀድማ አስባበት ነበር። ሜትሩ ጫፉ ላይ የናስ ቆብ አለው፤ ላቡን ላጥብልዎ ብላ ከአንገቱ አውርዳ ቆቡን ረዘም ባለ ቆብ ለወጠችው፤ ከውስጡ ቁራጭ ጨርቅ ጨምራ። ከዚያ ወዲህ ያ ሜትር የለካው ሁሉ ከልኩ አንሶ ይወጣል። ልብስ ሰፊ ቢሆን ኖሮ በጣቱ ይይዘው ነበር። ሰፊ አልነበረማ።

አክስቴ ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። ቅዳሜ እናቴም የምትለካው በዚያው ሜትር ነው። የዚያን ሳምንት ባለ ሜትሩ ቁጥሩን ሲጠራ የሚስቁትም አልሳቁም። እናቴ እጆቿን እንደዘረጋች ከንፈሯ ነጭ ሆነ። እቤት ስንገባ ውሃ እንኳ አልወርድላት አለ። በቃ አለቅሁ እትዬ፣ ልጄን አደራ አለች። አክስቴ የዚያን ዕለት የበላችውን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። የኔንም ዳቦ ሳትጠይቀኝ ነው የበላችው። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ ስትነግረኝ እንዲህ አለች፦

“ቆቡን ብመልሰው እሱ ይድናል፤ ብተወው እሷ ታልቃለች። ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ አላውቅም ነበር። የማውቀው መብላት ብቻ ነበር።”

አክስቴ ልትያዝም ትንሽ ነበር የቀራት። አንድ ከሰዓት በኋላ ባለ ሜትሩ ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አለና ከረሜላ ሰጠኝ። ፊቱን ከቅርብ ሳየው ጉንጮቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል። አክስቴ ልብሱን ቤት ወስዳ ምን እንደምታደርገው ጠየቀኝ። ምላጭ ትይዛለች ብዬ ብነግረው፣ ትፈታዋለች ብዬ ብነግረው ኖሮ፣ በዚያው ቀን ሦስታችንም መንገድ ላይ ነበርን። እኔ ግን ማዋረድ የፈለግሁት አክስቴን ነው። ሚስጥሯን በአደባባይ ላወጣባት ነው።

“ትወድዎታለች” አልኩት። “እሁድ ሙሉ ጭኗ ላይ አድርጋ ታንጎራጉርለታለች።”

ቀና አለ። አክስቴን ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ቀስ ብሎ ኮቱን አስተካከለ። ብዙ ጊዜ ያልሳቀ ሰው ሲስቅ እንደሚያደርገው ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። የሚያስብልኝስ አለ ማለት ነው አለና ሄደ። ከላዬ የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተኝ፤ አክስቴ ካውያውን የነርስ ጋወን ላይ ረስታው ነበር። ማታ ምን እንደጠየቀኝ በጨነቀው ድምፅ መረመረችኝ። ያልኩትን ስነግራት ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ ይዛም ጉንጬን ሳመችኝ። ጉንጬን በእጅጌዬ ጠረግሁት።

ከዚያ በኋላ ረጅም አልወሰደም። አንድ ቅዳሜ መኪኖቹ ቆሙ፤ እናቴ ሳትጠራ ተነሥታ ቆመች። ባለ ሜትሩ ከመስታወት ክፍሉ ወጣ፤ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ፤ አየው። በእጁ ላይ እንዳለ እባብ ነበር ያየው። መልሶ ኪሱ ከተተውና ወደ ክፍሉ ገባ። እጆቿን ዘርግታ የነበረችው እናቴ ቀስ ብላ አወረደቻቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከክፍሉም አልወጣም። ከዚያ ጨርሶ ቀረ፤ ታሟል፣ ወደ ዘመዶቹ ሄዷል ተባለ። በቦታው የተሾሙት ሽማግሌ ቆራጭ ነበሩ፤ ሲስቁ ድድ ብቻ የሚታያቸው። የእናቴን መኪና ወደ መስኮቱ መለሱላት።

የሄደ ሰሞን ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ አክስቴ ድንች ቀቅላ ነበር። እናቴ አንዱን አንሥታ ትልጠው ጀመር። ትኩስ ስለነበር ከእጅ ወደ እጅ ታቀባብለዋለች። ጨው ነሰነሰችበት፤ ገመጠች። እኔ አንገቷን ነበር የማየው። ወረደ። ሁለተኛውን ገመጠች። ጨረሰችውና፣

“ሌላ አለ እትዬ?” አለች።

አክስቴ ድስቱን በሙሉ ፊቷ አስቀምጣ ወደ ደጅ ወጣች። ተከትያት ወጣሁ። ግድግዳው ላይ ተደግፋ፣ ያ ሁሉ ሰውነት እየተንቀጠቀጠ፣ ታለቅሳለች። የምትወደው ሰው ስለሄደባትና ድንቹም ስላመለጣት ነው አልኩ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነቴን ነው፤ በልጅነቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለእማዬ ነግረሻታል ወይ ብዬ አክስቴን ጠይቄያት ነበር፤ በዚያው ሱሪ ባስፈታችኝ ቀን። አልነገረቻትም። “ብታውቅ ለሱ አዝና ምግብ ትተው ነበር” አለችኝ። እናቴ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበረች። እኔ አይደለሁም።

እናቴ ያረፈችው አምና ነው፤ አርጅታ፣ ጠግባ፣ ቀለበቷ ጣቷ ላይ ጠብቆ። ከቀብሯ በኋላ አንዲት ደንበኛዬ ሰፈራቸው ውስጥ ስለሚኖር አንድ በሽተኛ ሽማግሌ አወራችኝ። ድሮ የዩኒፎርም ድርጅት አለቃ የነበረ፣ ዕድሜ ልኩን ምን እንደያዘው ያልታወቀ፣ እህል አጠገቡ ሲቀርብ የሚደነግጥ ሰው። እናቴ ሞታ እሱ በሕይወት አለ። እንቅልፍ አጣሁ። እንዲያውቅ ፈለግሁ፤ ያንገበገበው በሽታ ሳይሆን ምላጭ የያዘች ሴት እንደነበረች፣ የዚያች የሸንበቆዋ እህት እንደነበረች። ሳያውቅ ከሞተማ የተበቀልነው የቱ ላይ ነው? ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ሾርባዋን እየጠጣች ሰማችኝ።

“ከነገርሽው አዳንሽው” አለች።

ሄድኩ። ቤቱ ንጹሕ ነበር። መስኮት አጠገብ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከአንገቱ በታች ብርድ ልብስና አጥንት ነው። ጭኑ ላይ ሳህን አለ፤ ሩዝና ካሮት፤ አልተነካም። አንዲት ትንሽ ልጅ፣ የልጁ ልጅ፣ ደረቷን አልጋው ላይ አስደግፋ ማንኪያውን ታያለች። እኔን ቀና ብላም አላየችኝም። የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግረው ፊቱ በራ።

“እናትሽ ደካማ ነበረች” አለኝ። “እኔ ነበርኩ በየሳምንቱ የምከታተላት።”

ከቤቴ ስወጣ ይዤው የመጣሁት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ይሄኔ ስለ አክስቴ ጠየቀኝ። በሕይወት መኖሯን ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሰው ሁሉ ከጀርባው ሲስቅበት ያዘነችለት እሷ ብቻ እንደነበረች፣ ልብሱን እንደ ልጇ ገላ ትይዘው እንደነበረ፣ እሷን አለማግባቱ እስከ ዛሬ እንደሚቆጨው ነገረኝ። እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ አለኝ። የልጅነቴን ሞኝነት ይህ ሰው እስከ ሽምግልናው ተሸክሞት ኖሯል። ብነግረው አንድ ቀን ይናደዳል፤ በማግስቱ ሳህኑን ይስባል። አየሁት፤ ሲስበው ታየኝ። ዓረፍተ ነገሩን ዋጥኩት።

ልወጣ ስል ልጅቷን ላካትና ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግራጫ ኮት አስመጣ። ለሐኪም ቤት የሚለብሰው እሱን ነው፤ በጣም ሰፍቶታል፤ ሰው ፊት ያሳፍረዋል። እንደ አክስትሽ አድርገሽ አስተካክይልኝ አለኝ። ልጅቷ ኮቱን በሁለት እጇ አቅፋ አቀበለችኝ።

ማታ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ምስጋናውን ስነግራት አፍንጫዋን ነፋች። ስለ ልጅቷ ስነግራት ግን ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ልጅ አለች?”

“አለች። የሚያነሣውን ማንኪያ ነው የምታየው።”

“በልኩ አጥብቢለት” አለች። “ይብቃው።”

ለልጅቷ አዝኛለሁ፤ አልዋሽም። ግን እኔ ከሁለት ሳህኖች መሃል ተቀምጬ የእናቴን አንገት ሳይ ለኔ ማን አዘነልኝ? እሱ እከታተላት ነበር ይላል። መብራቱን ወደ መኪናዬ ሳብ አድርጌ ኮቱን ገለበጥኩት። የኋላ ስፌቱን በምላጭ ፈታሁ። አክስቴ ያስተማረችኝ ቦታ ላይ ገና ያልተነካ ትርፍ ጨርቅ ነበር። ከማጥበብ ይልቅ አሰፋሁት። በዚያው ዓይነት ክር፣ በዚያው መስመር ሰፋሁት፤ የድሮው እጥፋት እስኪጠፋ ድረስ በእርጥብ ጨርቅ ተኮስኩት። ከዚያ አክስቴ ጭን ላይ አኖርኩላት።

የአክስቴ ዓይን ደክሟል፤ ጣቷ ግን ያው የድሮው ጣት ነው። አውራ ጣቷን ከኮሌታው ሥር ጀምራ በስፌቱ ላይ ወደ ታች አወረደችው። መሃል ጀርባው ላይ ስትደርስ ቆመች።

“ጥሩ ተኩሰሽዋል” አለችኝ። ኮቱን አጥፋ መለሰችልኝና፣ የቀዘቀዘውን ሾርባዋን እንዳሞቅላት ጠየቀችኝ።